አባቴ የደበቀው ሳል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከስፌት መኪናው ፊት ሳይነሳ የኖረ ሰው ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ሲዘጋ ምን ቢመኝ ጥሩ ነው? ጎሪላን በጫካው ማየት! አንድ ቀን በቴሌቪዥን አንዲት ጎሪላ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠጉሩን ስትዳብስለት አየና «ይቺ እናት ናት እንጂ አውሬ ናት?» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም።

ጉዞው ቀላል አልነበረም። አውሮፕላን እየቀየርን አንዲት የአፍሪካ ዋና ከተማ ማረፍ፣ ከዚያ በመኪና ተራራ ሥር መድረስ፣ ከዚያም በእግር ጫካ መግባት ነበረብን። ዕቅዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፓስፖርት አሳደስኩ፤ አባባንና እማዬን ለቢጫ ወባ ክትባት ወሰድኳቸው። እማዬ አዲሱ ጫማ እግሯን እንዳይልጠው ቤት ውስጥ ሳይቀር አድርጋው ትውላለች፤ ሽንኩርት የምትከትፈው በተራራ ጫማ ነው። አባባ ደግሞ ለሁላችንም ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ ሰፋልን። ግማሾቹ ኪሶች ምን እንደሚያዝባቸው እሱም አያውቅም።

ልንሄድ ሰሞን አባባን ጉንፋን ያዘው።

«ለአስጎብኚዎቹ ንገሪያቸው» አለችኝ እማዬ። «የታመመ ሰው አናስገባም ብለው የለ?»

«ጉንፋን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?» አለ አባባ። «ሰው ያስነጥሳል፣ ‹ይማርህ› ይባላል፣ አለቀ!»

ይህ የእኛ ቤት አነጋገር ብቻ አይደለም። የሚያስለውን ሰው አቅፈን እንስማለን፤ ራቅ ብንል «ጠላኝ» እንዳይል እንፈራለን። ይሉኝታ ስንቱን አልጋ ላይ ጣለ! እኔም ለአስጎብኚዎቹ ሳልነግራቸው ቀረሁ።

አባባ መንገዱን ሁሉ ሳሉን በከረሜላ አፍኖ ተጓዘ። ዋና ከተማው ውስጥ ባረፍንበት ሆቴልም «አቧራው ነው» ይላል። እማዬ ሙቅ ውሃ ታቀርብለታለች። እንደ ልጅ ጓጉቶ ስታየው ጨክና መናገሩ አልሆነላትም።

ተራራው ሥር ባደርን ማግስት፣ ጠዋት፣ አስጎብኚዋ ከጫካው በር ላይ ሰበሰበችን። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የምትለውን ለአባባና ለእማዬ የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ።

«ዛሬ ከምናያቸው ጎሪላዎች ውስጥ ሰሞኑን የወለደች አለች» አለች። «ሳንባቸው ከእኛ ብዙም አይለይም። እኛን በሻይና በዕረፍት የሚለቀን ጉንፋን እነሱን ሊገድል ይችላል፤ በተለይ ጨቅላውን። ያመመው ካለ ይንገረኝ። አልቆጣም።»

አባባ ሳሉን ለመዋጥ ሲታገል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እማዬ አየችው፤ አላሳጣችውም። እጁን ያዝ አድርጋ በቀስታ «ልጃችን ያኔ የታመመች ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አለችው።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ጨቅላ ሳለሁ አንድ የሚያስል ዘመድ ሊጠይቀን መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ። አባባ እያየ ነበር፤ «ተው» ማለት ግን አፍሮ ዝም አለ። ከዚያ ሆስፒታል ገብቼ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ከአልጋዬ ሥር ተንበርክኮ ያለቅስ እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

አባባ እጁን አወጣ።

«እኔ ያስለኛል» አለ። «ከቤቴ ይዤው ነው የመጣሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

አስጎብኚዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችው። እማዬ አብሬህ ልቅር ብትለው «ሂጂና እይልኝ!» ብሎ ተቆጣት። ስለዚህ እኔ ቀረሁ። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ አፍኖት የከረመውን ሳል ክርኑ ውስጥ እንደ ልቡ ሳለ። ያን ዕለት አባቴን ወደድኩት ማለት ያንሰዋል።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች። አባባ ገና ከሩቅ ጮኸ።

«አየሻት?»

«አየኋት! ልጇን ከዕቅፏ አላወርድ ብላ…»

«ጨቅላውስ? ደህና ይተነፍሳል?»

«ጡት ይዞ ነበር» አለች እማዬ። «ደህና ነው።»

አባባ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ እኛ አራስ ለመጠየቅ ተራራ መውጣት አያስፈልገንም፤ የጎረቤት በር ማንኳኳት ይበቃናል። ሳል ከያዘን ግን እጃችንን ከበሩ ላይ እናንሳ። በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብንል ምርቃቱ አይጎድልም፤ «ጠፋህ» ቢሉንም እንታማ። ሲሻለን እንሄዳለን፤ ሕፃኑም በጤናው ይጠብቀናል።