የሞያ ነገር

የማሕሙድ ሬሳ ከባሕር በወጣ ማግስት ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። ድኻ መካኒክ እያለ ማን ፈልጎ ይደክማል? ሱሩር የሚባለው የወሎ ልጅ፣ ማሕሙድ የሚነዳትን ጀልባ ሞተር የሚጠግነው፣ የእጁን ግራሶ ሳይታጠብ ተይዞ ሄደ። መጀመሪያ እስር ቤት፣ ከዚያ ሹመይሲ የሚባለው የተባራሪዎች ማቆያ፣ ከዚያ ባዶ እጁን ወደ አገር ቤት፤ መንገዱ የታወቀ ነው።

ለዚህ ነገር የተጠራችው ሰርካዲስ ናት። ሰርካዲስ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፣ አሁን ጅዳ ለአንድ ጠበቃ ትሠራለች። ሞኝ አትወድም፤ ብልጥ ነኝ የሚል ሞኝ ሲያጋጥማት ደግሞ ጭራሽ ያማታል። ክርስቲያን በመሆኗ መካ መግባት ስለማትችል፣ የሱሩር ሚስት ጀሚላ መካ ካለው ነካሳ ሰፈር ወርዳ ሹመይሲ መንገድ ዳር ጠበቀቻት።

«እህቴ፣ ማሕሙድ የእናቴ ልጅ ነው፣ ሱሩር ባሌ ነው» አለች ጀሚላ። «አንዱን አላህ ወሰደው፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛውን የሚወስድብኝ ግን ሰው ነው። እሱን አልቀበልም።»

«ማስረጃቸው ምንድን ነው?»

«ማሕሙድ ከባሕር ላይ ሆኖ ለሥራ ባልደረባው ለከሊል የላከው ድምፅ። ‹የሱሩር የሞያ ጉድለት ነው ብሎ ሞተ› ይላሉ። እኔን አላሰሙኝም።»

ሰርካዲስ ወደ ጀልባው ማቆሚያ ሄደች። የጀልባዋ ባለቤትና የሁሉም ከፊል፣ ማለትም አሠሪና ዋስ የሆነው አብዱልረሕማን ከጥላው ሥር ተጋድሞ ነበር። ስለሞተው ሰው አንድ ቃል፣ ስለተሰነጠቀችው ጀልባ መቶ ቃል ተናገረ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ለሰርካዲስ የጠቀማት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የነዳጅ ታንኩ ክዳን ይቆለፋል። አንዱ ቁልፍ ሱሩር ጋ ነው፤ ሌላው ከሊል ጋ፣ ማሕሙድ ከመሾሙ በፊት የጀልባዋ ነጂ እሱ ስለነበር።

ከሊል ደረቅ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ ሰርካዲስ ስንቱን አይታለች።

«ማሕሙድ ወንድሜ ነበር፣ ወላሂ» አለ።

«ቦታህን ሲወስድብህም ወንድምህ ነበር?»

«ኸላስ፣ እሱ የቆየ ነገር ነው።» ጉሮሮው ደረቀበት መሰለኝ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ ጮኸ። «ሄርሜላ! ሞያ!»

ወጥ ቤት የምትሠራው ሄርሜላ ቀዝቃዛ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥታ ሰጠችው። ጠጣና ስልኩን ከፈተ። የሟቹ ድምፅ ከማዕበል ጋር ተሰማ፦

«ከሊል፣ አለቱ ጋ ደርሼ ፍጥነት ቀንሼ ሚኒሞ ሳደርገው ይንዘፈዘፍና ይጠፋል። የሞያ ነገር ነው። ሱሩርን ጠይቀውና ቶሎ ድረስልኝ።»

«ሰማሽ?» አለ ከሊል። «ሱሩር ሞያ የለውም ማለቱ ነው።»

«አንተስ ለምን አልደረስክለትም?»

«መካ ነበርኩ፣ መንሱር ሰፈር። ስልኬ ተዘግቶ ነበር።»

ሰርካዲስ ወደተሰነጠቀችው ጀልባ ሞተር ሄደች። አባቷ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ ከሞተር ጋር ነው ያደገችው። ካንዴላዎቹን ፈታ አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ካርቡራተሩን ከፈተች፤ ሱሩር እንደ ብርጭቆ አጥቦታል። ይኼ ነው እንግዲህ ሞያ የሌለው! ቀጥላ የነዳጁን ማጣሪያ ከሥሩ ፈታ ያጠራቀመውን ብርጭቆ ውስጥ አንቆረቆረች። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ከሥሩ ውሃ ተኛ። ውሃውን ለይታ ሳህን ላይ አፈሰሰችና ፀሐይ ላይ ተወችው። ከአጠገቡ በሌላ ሳህን የባሕር ውሃ አስቀመጠች።

ሳህኖቹ ሲደርቁ ሰዎቹን ሁሉ ጠራች። ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መኮንን ሱልጣንም መጣ፣ ጀሚላም ከመካ ወረደች። ሰርካዲስ አንዴ በዐረብኛ፣ አንዴ በአማርኛ ተናገረች።

«ውሃ ያለበት ሞተር በፍጥነት ሲነዱት እንደምንም ይሄዳል፤ ሚኒሞ ሲሆን ነው የሚጠፋው። በአለቶቹ መሐል ደግሞ ያለ ሚኒሞ አይታለፍም። ማሕሙድ እዚያው ቀረ፣ ማዕበሉም አለቱ ላይ ወረወረው።»

«ባሕር ላይ ውሃ ቢገባ ምን ይገርማል?» አለ ከሊል።

«የባሕሩ ሳህን ጨው ይዟል፣ የታንኩ ሳህን ባዶ ነው። ጨው የሌለው የመጠጥ ውሃ ነው፣ የክዳኑ ቁልፍ ያለው ሰው ነው የጨመረው።» ወደ መኮንኑ ዞረች። «መልእክቱን ማን ተረጎመልህ?»

«ከሊል» አለ ሱልጣን። «እኔ እንኳ ሞያ ሲል ሰምቼ እንደኛ ዐረብኛ ውሃ ማለቱ ነው ወይ ብዬው ነበር። አይደለም፣ በአማርኛ ችሎታ ማለት ነው አለኝ።»

«ትክክል ነው፣ አገር ቤት። እዚህ ስትሠራ የኖረችን ምላስ ግን ማን ይመልሳታል? ጀሚላ፣ ወንድምሽ ውሃን ምን ይለው ነበር?»

ጀሚላ መልስ ከመስጠት ይልቅ የቆየ መልእክት ከፈተች። የማሕሙድ ድምፅ፣ እየሳቀ፦ «ጀሚላ፣ ዝናቡ እንዴት ነው? ቤት ውስጥ ሞያ ገባባችሁ ወይ?»

ከሊል መሬት መሬት አየ።

«ይኼም ቢሆን» አለች ሰርካዲስ፣ «በስህተት ተረጎመው እንበል። ሄርሜላ፣ ከሊል ሲጠማው ምን ይልሻል?»

«ሞያ ነው የሚለኝ» አለች ሄርሜላ። «እንደመጣሁ ሞያ አምጪ ሲለኝ ሞያሽን አሳዪኝ ያለኝ መስሎኝ ዶሮ ወጥ ሠራሁለት። እስኪበቃው ሳቀብኝ። ለመጣ ሰው ሁሉ ሲያወራው ከረመ።»

«የዚያን ቀንስ መካ ነበር?»

«ኧረ እዚህ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማና አስቀመጠው። ሌላዋ ጀልባ እዚህ ታስራ ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ እናገር ነበር።»

ወጥ ቤት ያለን ሰው ማን ይጠይቃል! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የከሊል ግን አንድ ዶሮ ወጥ አላሻገረውም።

«ላዋርደው ነው እንጂ ልገድለው አልነበረም» አለ ከሊል በመጨረሻ። «ሞተሩ ጠፍቶበት እየተጎተተ ቢመለስ፣ ከፊሉ ጀልባዋን ይመልስልኛል ብዬ ነው።»

«ውሃውን ስትጨምር ለውርደት ነው፣ እሺ» አለች ሰርካዲስ። «ድረስልኝ ሲልህ የተቀመጥከውስ? ሱሩርን ጠይቀው ያለህ ውሃው በምን እንደሚወጣ እንዲነግርህ ነበር። አንድ ብሎን መፍታት ነበር። አንተ ግን የሰውየውን የመጨረሻ ቃል አጣመህ አማቹን አሰርክበት። ለሌባ እንኳ ከአንተ የተሻለ ክብር አለኝ።»

ከሊል ከንፈሩን ላሰ። «ሄርሜላ» አለ ድምፁ እየሰለለ፣ «እባክሽ ውሃ ስጪኝ።»

ሄርሜላ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ዛሬ ገና ‹ውሃ› ሲል ሰማሁት» አለች።

ሱልጣን ስልኩን አንሥቶ ሱሩር እንዲለቀቅ አዘዘ። ጀሚላ በወንድሟ ቀብር ላይ ማልቀስ አልቻለችም ነበር፣ የቀረው ሰው እንዳይወሰድባት ስትሯሯጥ። አሁን መሬት ላይ ቁጭ አለችና ለማሕሙድ አለቀሰች።