የዘሀራ ፊት

«ጤፉ የቦረና ነው?»

«የወግዲ ነው። ዝገኚና እዪ።»

ጸደንያ እጇን ጆንያው ውስጥ ከተተች። ጣቶቿን ስታወጣ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ እዚያው ቀርታለች። ነጋዴው የጆንያውን አፍ አጠፈ።

ነጋዴው ነጋዴ አይደለም። ታደለ ይባላል፤ የስለላ መሥሪያ ቤቱ መካነ ሰላም ላይ ያስቀመጠው አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «አክርማ» ነው፤ የእሷ «ስንደዶ»። ሁለቱም የስፌት ሣር ናቸው፤ ስሙን ያወጣው ሹም ሰፌድ ሲሰፋ ያደገ ሳይሆን አይቀርም። የከተማው ሰው ግን ፋና ብሎ ነው የሚያውቃት።

«የደላላው የዋለ ድምፅ ነው» አለች መዳፏ ላይ የቀረውን ጤፍ እያየች። «ዘሀራ መሞቷን በራሱ አፍ ይናገራል።»

«አይበቃም። ልጆቹን የሚረከቡትን ሰዎች እንፈልጋለን። ታናሽ እህቷ ሐሙስ ትሂድ፤ መኪናዋን ከኋላ እንከተላለን።»

«ካመለጠችንስ?»

«አታመልጥም። አንቺ እናትየዋን ብቻ ዝም አሰኚልኝ።»

ፊቱን አዙሮ ሌላ ገበያተኛ ጠራ።

ዋለ ልጃገረዶችን ወደ አረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ሰዉ «መነጽር ቤት» የሚለውን ሱቅ ከፍቷል። እናቶች መነጽሩን ያጠልቃሉ፣ ጓንቱን ይለብሳሉ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ ካለች ልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይላሉ። ጓንቱ እየነዘረ የልጅን እጅ ያመጣላቸዋል። ነገሩ ድንቅ ነበር፤ ልጅቷ በሕይወት እስካለች ድረስ። የሞተች እንደሆነ ግን ዋለ በመሄጃዋ ዋዜማ የቀረጸውን ፊቷንና ድምፅዋን ለጸደንያ ያለብሳል። ጸደንያ በጓሮ በር የምትገባ፣ እናቶች አይተዋት የማያውቁ ቅጥረኛ ናት። እናት ካላለቀሰች ታናሽየዋን ትልካለች፤ ንግዱ ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ምንም ስለማይሰማት ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። አባቷ፣ የማሻ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ፣ ሲሞቱ እንኳ ዓይኗ አልረጠበም። ግን የዘሀራ እናት፣ ኡምኩልሱም፣ በጓንቱ ውስጥ እጇን ሲይዟት ደረቷ ላይ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ይህን ለማንም ሪፖርት አላደረገችም። እናትየዋ የሚመጡበት ማክሰኞ እስኪደርስ መጠበቅ ለምዳለች።

በዚያ ማክሰኞ ኡምኩልሱም ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ከዚያ ስለ ታናሽየዋ፣ ስለ ሀምዱ ጉዞ ጠየቁ። ጸደንያ በዘሀራ አፍ መለሰች፤ ደህና ነው አለች፣ ትምጣ አለች። ዋለ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። እናትየዋ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ።

«ሐጃሽን ይሙላልሽ። ባለሽበት አፊያ ያርግሽ።»

«አሜን።»

ክው አለች።

ዘሀራ «አሚን» ነው የምትለው።

የመሪጌታ ልጅ ናትና ቃሉ ከፊደል በፊት አፏ ላይ የተተከለ ነው። በጓንቱ ውስጥ የኡምኩልሱም እጅ ቀጥ አለ።

አሁን ይጮሃሉ።

አልጮሁም።

«ጉንፋን ይዞሻል መሰል፣ ድምጥሽ ደክሟል። አብሽሪ» አሉና እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ዋለ ምንም አላስተዋለም፤ እሱ ራሱ አሜን ባይ ነው።

መነጽሩን አውልቃ ልትወጣ ስትል ከመጋረጃው ወዲያ ዋለ ስልክ ሲያወራ ሰማች። ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ ተጠጋች።

«ሐሙስ ጠዋት ትነሳለች። የሚከተለን መኪና እንዳይኖር። አደራህን፣ አክርማ።»

አክርማ።

ይህን ስም መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እሷ ናት።

ለመናደድ ሞከረች፤ ንዴቱ አልመጣላትም። የታያት ሀምዱ ናት፤ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ማንም ሳይከተላት እህቷ ወደ ሞተችበት ልትሄድ ነው። የቀዳችውን ድምፅ ታደለ በማያውቀው መስመር ለመሥሪያ ቤቱ ላከች። «ጠብቂ» የሚል መልስ መጣ። ሐሙስ ግን አይጠብቅም። ዋለ ዘንድ ሄዳ እናትየዋ ማመንታት ጀምረዋል፣ ነገ ዘሀራ አንዴ ታባብላቸው አለችው። ዋለ እንዲያውም አመሰገናት።

ረቡዕ ጠዋት የፊት ለፊቱ ክፍል ወረፋ በያዙ ወላጆች ሞልቷል። ዋለ ለማስታወቂያ የሰቀለው ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ጸደንያ የመነጽሩን ምስልና ድምፅ ወደዚያ አዞረች። የጓሮውን ክፍል ከውስጥ ቆለፈች።

መነጽሩን አጠለቀች።

«እማማ ኡምኩልሱም፣ ሀምዱን እንዳይልኳት።»

ዘሀራ እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም።

«እኔ ዘሀራ አይደለሁም። ዘሀራ ሞታለች። ዋለ ያውቃል።»

ካርዱን ለታደለ ስትሰጥ ቅጂውን አስቀርታ ነበር። ከፈተችው። ዋለ በራሱ ድምፅ፣ ዘሀራ ከሞተች መቆየቷን፣ እናትየዋ ሳታውቅ ታናሽየዋ መሄድ እንዳለባት ለሁሉም ተናገረ። ከፊት ክፍል አንዲት ሴት ጮኸች። ቀጥላ ሌላዋ። ከእነሱም ልጆች ፊት ኋላ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዋለ የጸደንያን በር ይደበድባል።

ድብደባው ቆመ። ወላጆቹ ደርሰውበታል።

ኡምኩልሱም መነጽሩን እንዳጠለቁ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«የኔ ልጅ አለመሆንሽን ትላንት አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ሀምዱን ለምን ሊልኳት ነበር?»

«እህቷ ጠፍታ እንደሁ ሄዳ ትፈልጋት ብዬ ነዋ። ደግሞ እጅሽን ስይዘው አልለቅ ይላል። ይችም ሰው የራባት ናት አልኩ። ማነው ስምሽ?»

ስም መናገር ክልክል ነው።

«እሺ፣ ተይው። ትንሽ ቆይ፣ ፊቷን ልየው።»

ፖሊሶች መጥተው መብራቱን እስኪያጠፉት ድረስ በዘሀራ ፊት ተቀምጣ ታየችላቸው።

ዋለ ታሰረ። ታደለን መሥሪያ ቤቱ ከጆንያዎቹ መሃል ወሰደው። ሀምዱ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ተመለሰች። መነጽር ቤቱ ታሸገ፤ ልጆቻቸው በሕይወት ያሉትም እናቶች በሩ ላይ ቆመው ተመለሱ። ፋና የምትባል ሴት ከዛሬ ጀምሮ የለችም ተባለ።

ጸደንያ ከመሄዷ በፊት ለቅሶ ደረሰች። ለቅሶ ቤት የማን ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሻሿን ግንባሯ ላይ ሳብ አድርጋ ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ጎንበስ ብላ የኡምኩልሱምን እጅ ያዘች። የእውነት እጅ ነው፤ ሸካራ፣ እንባ የነካው።

ጠበቀች።

ደረቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ኡምኩልሱም ቀና ብለው አዩዋት። የማያውቋት ሴት ናት።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉና ከኋላዋ ላለችው እጃቸውን ዘረጉ።

ጸደንያ ጫማዋን ፈልጋ አደረገችና ወደ መናኸሪያው ወረደች።