በሩን ማን ዝም አሰኘው?

ነርሷ ህሊና ካርቶኑን ስትከፍተው ባዶ ነበር። ቀጣዩንም ከፈተች። ባዶ።

የጠፋው የካላዛር መድኃኒት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ትኩሳት አድክሟቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ኮኪት አጠገብ ወዳለችው የሕክምና ጣቢያ የሚመጡት ለዚያ መድኃኒት ነበር።

ሳጅን አለምነሽ ስትደርስ ሽማግሌው ጥበቃ፣ አቶ ደሞዝ፣ በካቴና ታስረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እሳቸውና የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሰማኸኝ ዘንድ ነው። ሰማኸኝን ደግሞ ማንም አይጠረጥርም።

«አባቴ፣ ማን ገባ?»

«በእኔ ፊት ማንም አልገባም፣ ልጄ። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው።»

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። በር ሲከፈት፣ ሙቀት ሲያይል፣ መብራት ሲጠፋ በኔትወርክ ጎንደር ድረስ መልእክት ትልካለች። ስለ በሩ ግን ምንም አልላከችም። ከጎንደር ሆኖ የሚከታተላት ባለሙያ፣ ማተቤ፣ በማግስቱ መጥቶ ላፕቶፑን ሰካባት።

«አልተበላሸችም» አለ ላቡን እየጠረገ። «የበሩን ማስጠንቀቂያ ሰው ነው ያጠፋው። የይለፍ ቃሏ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ማንም ገምቶ ይገባል።»

«ከየት ሆኖ?»

«ከዚሁ ግቢ። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ግን አልመዘገበችም።»

አቶ ደሞዝ ስልክ እንኳ የሚያስደውሉት በሰው ነው። አለምነሽ ይህን ብትናገርም አለቃዋ አልሰማትም። ወሬው ወደ አምቡላንስ ሹፌሩ አዛናው ዞረ፤ ጆንያ ሲጭን ታይቷል። ሲፈተሽ የተገኘው ለቤቱ የገዛው ከሰል ነው።

አለምነሽን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። ሌባው ግማሹን ትቷል።

«የተረፈው ለተኙት በሽተኞች ልክ ይበቃል» አለቻት ህሊና። «የተወሰደው ግን ሕክምና ጀምሮ ለመጨረስ አይበቃም።»

ሊሸጥ የወሰደ ግማሽ አይተውም። ሊያክም የወሰደ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

አለምነሽ ማተቤን ለብቻው ጠራችው። ሳጥኗን እንደገና አዘጋጃት። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ቀየረ። ማስጠንቀቂያው የሚሄድበት አዲስ የተጠቃሚ ስም ከፈተ፤ ለስሙም ሁለት የምስጢር ቁልፍ ሰጠው፦ አንዱ ላኪዋ ሳጥኗ ራሷ መሆኗን የሚያረጋግጥ፣ ሌላው መልእክቱን የሚመሰጥር። በመጨረሻም ልግባ ብሎ የሞከረ ሰው ካለ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሞከረ ለአለምነሽ ስልክ እንዲደርስ አደረገ። የሙከራ መልእክት ላኩ። ደረሰ። ከዚያ አዲስ መድኃኒት መጣ ተብሎ እንዲወራ አደረጉ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ስልኳ ጮኸ። «ያልተፈቀደ የመግባት ሙከራ፤ የመድኃኒት ክፍል።»

ሰማኸኝ በሩ ላይ ቆማ ሲያያት እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ።

«ለማን ነው?» አለችው።

«ከሱዳን ያለ ወረቀት የተሻገሩ ሠራተኞች ናቸው። እርሻ ውስጥ ተኝተዋል። ወደ ሕክምና ጣቢያው ኑ ስላቸው ፖሊስ ያስረናል አሉ። ወንድሜ አምና ሱዳን ውስጥ ያለ ወረቀት ሆኖ፣ እንደነሱ ፈርቶ ተደብቆ ነው የሞተው።»

«አቶ ደሞዝስ?»

አንገቱን ደፋ። «በሽተኞቹ መድኃኒቱን እንደጨረሱ እናገር ነበር።»

«እስከዚያ እሳቸው እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ይደሩ?»

የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አለምነሽ መጀመሪያ ሽማግሌውን ራሷ አስፈታች። ከዚያ ሰማኸኝን ይዛ፣ አዛናው አምቡላንሱን እየነዳ፣ ወደ እርሻው ወረዱ። ሕመምተኞቹ የደንብ ልብሷን ሲያዩ ወደ ማሽላው ገቡ። ሰማኸኝ ወርዶ ተጣራ፦

«ውጡ! የምታሰረው እኔ ነኝ፤ እናንተን የሚነካ የለም!»

ከመካከላቸው አንዱ ወደ ሳጅኗ ዞሮ አየ። እውነቱን ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ተደጋግፈው ወጡ። በመንገድ ላይ ሰማኸኝ ለማን ምን ያህል እንደሰጠ በስም በስም ነገራት፤ ሕክምናው ከቆመበት እንዲቀጥል።

ሰማኸኝ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አቶ ደሞዝ ለምስክርነት ተጠሩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ያለ ጥፋቴ አሳስሮኛል፤ ቆጭቶኛል» አሉ። «የታመሙት ልጆች ደግሞ ድነዋል። ሁለቱንም ጻፉልኝ።»