የሀጂ ጀማሉ ግልብጥ አምባዛ

ሬሳው የክትፎ ትሪ ላይ ተጋድሟል፤ ያውም ሶፍት ተነጥፎለት።

«ይኸው» አሉ የሆቴሉ ባለቤት ሀጂ ጀማሉ። «ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ አምባዛ። ሳምንት ሳይሞላው በበረኪና ተገደለ። ገዳይዋም ያቻት።»

ገዳይ የተባለችው የሆቴሉ ጽዳት ባሂራ ናት። መወልወያዋን እንደ ጦር አቁማ በሩ ጋ ተገትራለች። አጠገቧ ሳጅን ይታገሱ ለዓሣ ሬሳ ተጠርቶ መምጣቱ ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

የተጠራው መርማሪ ዑመይር ባጃጁን ደጅ አቁሞ እያፏጨ ገባ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። እሱን ከጠየቃችሁት አስተማሪው ናቸው መከራከር ያቃታቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ዓመት ሠራ። ቡታጅራ ውስጥ ዓሣ የታመመበት ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ሁሉም ማለት አራት ሰው ነው።

«የጠራሁህ እንድትመራመር አይደለም» አሉት ሀጂ። «በረኪና ነው ብለህ ለሳጅን ንገርልኝና ሂድ።»

«መልሱን ካወቁት ባጃጄን ለምን አስቆሙ ሀጂ?»

«አንተ ጎረምሳ!»

«ዑመይር» አለች ባሂራ፣ ዓይኗን ከሀጂ ላይ ሳትነቅል። «ነገ አረፋ ነው። ጉንችሬ ልገባ ሻንጣዬን አስሬያለሁ፤ እሱንም አስፈትሸውብኛል። መርዘኛ የሚል ስም ተሸክሜ እናቴ ደጅ አልደርስም። ጣቢያም አልሄድም። የገደለው ሳይታወቅ ከዚህች በር ንቅንቅ አልልም።»

ዑመይር ፉጨቱን ተወ። ጎንበስ ብሎ የዓሣውን መተንፈሻ በጣቱ ገለጥ አደረገና አሸተተው። አንዴ አሸተተ፣ ደገመ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣበት፣ ዋጠው። ቀጥሎ ከሀጂ ወንበር ጀርባ ወደቆመው ገንዳ ሄደ። በመስታወቱ ሲያዩት ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሁለት ትንንሽ አምባዛዎች ከታች ሽቅብ ይወረወራሉ፣ ከላይ አየር ጎረስ ያደርጋሉ፣ ይመለሳሉ። ውሃውን የሚያንተከትከው ፓምፕ ግን ጸጥ ብሏል። ሶኬቱ ተነቅሎ ከሀጂ ወንበር ኋላ ተንጠልጥሏል።

«ባሂራ፣ ዓሣው እንዴት ነበር የሚዋኘው?»

«ከመጣ ጀምሮ ተገልብጦ። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እንደጠገበ ድመት። ሰው ሁሉ ታሟል ይላል። ምኑ ታሟል፣ ከእኔ በላይ ይበላል!»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ዛሬማ ሌላ ሆነ። አፉን ከውሃው ፊት ላይ ለጥፎ ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሮጬ ሀጂን ጠራኋቸው። ሲደርሱ ሞቷል።»

«በረኪናውስ?»

«ወለሉን ወለወልኩበት። እንደ ሁልጊዜው።»

ዑመይር ወደ ወጥ ቤት ብቅ አለ። ምግብ አብሳይዋ እትዬ ሰፍያ ለበዓሉ እንግዳ ሥጋ እየከተፈች ነበር።

«እትዬ ሰፍያ፣ ለዓሣው ክትፎ ጣል ጣል አላደረግሽለትም?»

«ክትፎዬን? ለዓሣ? ያረቢ! ለሰው አልበቃ ያለኝን! ቅቤዬን እንኳ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው። ትናንት ሀጂ ለጉሮሮዬ ብለው አንድ ጭልፋ ሲወስዱ እስከ በሩ በዓይኔ ነው የሸኘሁት።»

«ቅቤሽ ሽታው ልዩ ነው አሉ።»

«ኮረሪማውና ኮሰረቱ ነዋ! የእኔን ቅቤ ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ቅቤ አወጣዋለሁ።»

ተመልሶ ሀጂ ፊት ቆመ።

«ሀጂ፣ ዓሣው ከመሞቱ በፊት ታሞ ነበር እንዴ?»

«ታሞ እንጂ! ሆዱ ተነፍቶ፣ ተገልብጦ! እኔ ከብት መሀል ነው ያደግኩት። የተነፋ ጥጃ ስንቱን አድኛለሁ መሰለህ!»

«በምን?»

ሀጂ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ስር ሸጎጥ አደረጉ። «በአላህ ፈቃድ» አሉ።

«ሳጅን፣ ሁሉንም እዚህ ይሰብስቡልኝ» አለ ዑመይር።

እትዬ ሰፍያ ቢላዋዋን እንደያዘች መጣች። ለበዓል ከአዲስ አበባ የገቡ ሁለት እንግዶች ሻያቸውን ይዘው ዞሩ። ባሂራ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«በረኪና ዘር አይመርጥም» ጀመረ ዑመይር። «ገንዳ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ትልቁንም ትንንሾቹንም አንድ ላይ ይፈጃቸዋል። ሁለቱ ግን ይኸው፣ ጭራቸውን እየቆሉ ነው።»

«ታዲያ ትልቁን ምን ገደለው?» አለ ሳጅን።

«ትንፋሽ አጥሮት ነው።»

ሳጅን ሳቀ። «ዓሣ? ውሃ ውስጥ?»

«ዓሣም አየር ይፈልጋል ሳጅን። አየሩ ደግሞ በውሃው ፊት በኩል ነው የሚገባው፤ ፓምፑ እያንቀሳቀሰ ያግዘዋል። አፉን ላይ ለጥፎ ቶሎ ቶሎ የሚከፍት ዓሣ ታፈንኩ እያለ ነው። ትንንሾቹ ዘራቸው ሌላ ነው፤ ከላይ አየር ጎርሰው መኖር ይችሉበታል፣ ትልቁ አይችልበትም። ፓምፑ ተነቅሏል። የውሃው ፊት ደግሞ ተደፍኗል።»

የገንዳውን ክዳን አነሳ። በሻይ ሰሃን ከላይ ከላዩ ገፈፈና ለእትዬ ሰፍያ አፍንጫ አቀረበላት። ሰሃኑ ላይ ቢጫ ቢጫ ጠብታ ይንሳፈፋል።

እትዬ ሰፍያ አሸተተች። ቢላዋዋ ወደቀ። «የኔ ቅቤ!»

«አንድ ጭልፋ» አለ ዑመይር። «ለጉሮሮ።»

ሁሉም ወደ ሀጂ ዞረ።

«እኔ... ማንም ሊያፈሰው...»

«ሶኬቱ ያለው ከወንበርዎ ኋላ ነው። እርስዎ ሳይነሱ ማን ይደርስበታል? ቅቤውን እንዳይበትነው ነቀሉት። ደግሞ ከብት ሲነፋ በቅቤ የሚያክም ሰው ከእርስዎ ሌላ እዚህ የለም። እጅጌዎን ያሳዩን ሀጂ።»

«አላሳይም!»

«የእኔን ሻንጣ ሲያስፈትሹ አልጠየቁኝም» አለች ባሂራ።

ሀጂ እጃቸውን ከጭናቸው ስር አወጡ። የነጩ ጀለቢያ እጅጌ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቢጫ እድፍ አለች።

«ላድነው ነው!» ጮኹ። «እንግዳው ሁሉ የሞተ ዓሣ ያሳየናል እያለ ይስቅብኛል!»

«ታዲያ ለምን ደበቁ?»

«ጀማሉ ዓሣ በቅቤ አከመ ልባል?»

«እሱ ከሚባል ባሂራ ገደለች ይባል» አለ ዑመይር።

ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦ «ለመሆኑ በሽታው ምን ነበር?»

«ምንም። ይሄ ዘር ተገልብጦ ነው የሚዋኘው። አፈጣጠሩ ነው። ገንዳው ውስጥ ከእሱ የበለጠ ጤነኛ አልነበረም።»

ሳጅን ቆቡን አደረገና ተነሳ።

«ወዴት ሳጅን?» አለች ባሂራ። «ስሰደብ ቁጭ ብለው ሰምተዋል። የቀረውንም ይስሙ።»

ሳጅን ተመልሶ ተቀመጠ።

«በይ እንግዲህ» አሉ ሀጂ መሬት መሬት እያዩ። «አልፏል፣ ወደ ሥራሽ...»

«አላለፈም።»

«እሺ፣ አፉ በይኝ።»

«ለማን ነው የሚሉት? ለመወልወያው?»

ሀጂ ቀና አሉ። በዕድሜያቸው ቃል እንዲህ ከብዷቸው አያውቅም። «ባሂራ። በሐሰት ከስሼሻለሁ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ።» መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሰሃኑን ከዑመይር እጅ ወሰደችና ሀጂ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «ቅቤውን ግን እርስዎ ይግፈፉ። እኔ የጉንችሬ መኪና ያመልጠኛል።»

ዑመይር ሶኬቱን ሰካና ሻንጣዋን አንጠልጥሎ ከባሂራ ጋር ወጣ። ባጃጁ ሲነሳ ከውስጥ የእትዬ ሰፍያ ጩኸት ተከተላቸው፦

«ሀጂ! ቀስ ብለው ይግፈፉ! ትንንሾቹን ደግሞ ክትፎ እንዳያደርጉብኝ!»