ልበ-ማርሽ በዓባይ ቁልቁለት

መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወጥቶ ቁልቁለቱን ሊጀምር ሲል እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አምሳለ፣ ተሳቢው ዛሬ ከብዷል» አለ።

«አውቃለሁ» አለች አምሳለ መሪውን እንደያዘች። «በተሳቢ ሁነታ ውረድ። እስከ ድልድዩ ሁለተኛ ማርሽ፤ እንዳትለቅ።»

«እሺ።»

ያናገራት ልበ-ማርሽ ነው። የድሮው አውቶማቲክ ካምቢዮ የልጅ ልጅ ቢባል ያስኬዳል፤ መንገዱን እያየ፣ ጭነቱን እየመዘነ፣ የተሳፋሪውን ድምፅ እየሰማ ማርሹንም ሁነታውንም፣ ማለትም የአነዳድ ስልቱን፣ ራሱ ይመርጣል። የሚወደው የምቾት ሁነታን ነው። ማርሹን ከፍ አድርጎ ድምፁን አጥፍቶ መንሸራተት! ተሳቢ እየጎተቱ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን እንደዚያ አይሆንም። ማርሹ ዝቅ ብሎ ሞተሩ ራሱ ክብደቱን ይዞ ማውረድ አለበት፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ ያርፋል። ያንገጫግጫል እንጂ አስተማማኝ ነው።

ተሳቢው ተንቀሳቃሽ የእናቶች ክሊኒክ ነበር። መውለጃቸው የደረሰ ሴቶችን ከአዋላጃቸው ከሲስተር ደብሪቱ ጋር ይዞ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል እየሄደ ነው።

ጥቂት ኩርባ እንደወረዱ ሞተሩ በድንገት ዝም አለ። መኪናው ቀለለ፤ ተሳቢው ከኋላ ገፋው። ማርሹ አራተኛ ገብቷል! አምሳለ ፍሬን ረግጣ ማርሹን በእጇ መለሰችው። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ወደ አራተኛ ወጣ።

«ምን ሆነሃል? ሁለተኛ አልኩህ እኮ!»

«የተሳፋሪ ሕመም ከማንኛውም ትእዛዝ ይቀድማል» አለ ልበ-ማርሽ በትሕትና።

ወዲያው ጋቢናውን ከተሳቢው የሚያገናኘው ሬዲዮ ተንጫጫ። «አምሳልዬ፣ የእናንዬ ምጥ መጣ! ኧረ ቀስ በይ!» ሲስተር ደብሪቱ ነበረች። ከኋላዋ ከነፍሰ ጡሮቹ የአንዷ፣ የእናንዬ፣ ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ ሲያይል ማርሹ ወጣ፤ ጩኸቱ ሲበርድ ወረደ።

አምሳለ አሁን ገባት። ልበ-ማርሽ ሴትዮዋን ያሳመማት መንገጫገጩ መስሎታል። ሊያሳርፋት እያለ ነው ወደ ገደል የሚወስዳቸው። ጆሮው የሚዘጋው ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው። እንዳታቆም ደግሞ ፍሬኑ ግሎ ሽታው ጋቢናውን ሞልቶታል፤ ስትረግጠው እግሯ ሥር ይሰምጣል።

«ሲስተር፣ ማርሹን ከፍ የሚያደርግብኝ ጩኸቷ ነው!»

«ታዲያ ምጥ ላይ ያለች ሴት ዝም በይ ልበላት?»

«አይ፣ እሷ ዝም አትበል! እናንተ ጩኸቷን የሚውጥ የደስታ ድምፅ አሰሙ፤ የፈለጋችሁትን!»

ቀጣዩ ኩርባ እየቀረበ ነው። ከዚያ አንዲት ሴት በቀጭኑ እልል አለች። ሌላዋ ተከተለች። ወዲያው ሁሉም፣ አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ አንድ እጃቸው የአልጋው ብረት ላይ፣ እልልታውን አቀለጡት።

«ተሳፋሪዎቹ ተደስተዋል» አለ ልበ-ማርሽ ግራ እንደተጋባ። ማርሹም ወደ ሁለተኛ ወረደ።

ሞተሩ አጓራ፤ ተሳቢው ተንዘፈዘፈ፤ ፍጥነቱ ግን ተሰበረ። አምሳለ ኩርባውን ጠርዙን ታክካ ዞረችው። ምጡ በመጣ ቁጥር እልልታው ይጨምራል። በመሐል እናንዬ ራሷ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «በሉልኝ! እንዳታቆሙ!» ስትል ተሰማች።

በመጨረሻ ቁልቁለቱ አለቀ። ድልድዩ ጋ፣ ሜዳው ላይ፣ መኪናው ቆመ። አምሳለ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ቀጥሎ በሬዲዮው አዲስ፣ ቀጭን ለቅሶ መጣ።

«ሴት ናት!» አለች ሲስተር ደብሪቱ። «ሁለቱም ደህና ናቸው!» የቀረው ቃሏ በእልልታ ተዋጠ፤ ይህኛው የማንንም ጩኸት ለመሸፈን አልነበረም።

«አዲስ ተሳፋሪ እያለቀሰ ነው» አለ ልበ-ማርሽ። «ማርሽ ልጨምር?»

«ቆመናል እኮ፣ አንተ!» አምሳለ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

በሳምንቱ የልበ-ማርሽ ሠሪዎች ጆሮውን ሊነቅሉ መጡ። አምሳለ ግን መንገድ ዘግታ ቆመች። «ጆሮውን አትንኩት። ጥፋቱ መስማቱ አይደለም፤ ሳይጠይቅ ማዘኑ ነው» አለቻቸው። ተከራክረው በእሷ ሐሳብ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ ልበ-ማርሾች ሁሉ የሰው ጩኸት ሲሰሙ፣ ማርሽ ከመንካታቸው በፊት፣ «አመመዎት? ላለስልስ ወይስ ልቀጥል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሠሪዎቹ መቼም ሁሉም «አለስልስ» ይላል ብለው ነበር የጠበቁት፤ ሰው ከሁሉ በላይ ምቾቱን ይሻል ብለው አምነው ነበር የሠሩት። በዓመቱ መልሶቹን ሰብስበው ሲያዳምጡ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። እግሩ ተሰብሮ ለልጁ ሠርግ የሚገሰግስ አባት አለበት። ከቀዶ ጥገና ወጥታ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት አለችበት። የሚደርስበት ቦታ ያለው ሁሉ፣ እያቃሰተም ጥርሱን ነክሶም፣ የመለሰው አንድ ቃል ነበር።

«ቀጥል።»