የበርበሬው መረቅ ያለቀ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሰው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጌታን ካመንኩ ወዲህ ጥላ ዞረ፣ መንፈስ ታየ ሲሉኝ "ራት ሳትበሉ ተኝታችሁ ነው" እላለሁ፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ይቺን አንዷን ነገር ግን አይቻታለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ የልጅ ልጄ ምህረት እየጻፈችልኝ ነው፣ የምትስቀውም እሷው ናት።

የምትስቀው በአነጋገሬ ነው። በኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙን ብቻ አይደለም፣ እንደ ስሙ የሚጀምር ሌላ ነገርም ካፏ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን ተዉት አሉን፣ ምላሴ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ ፎቶ የሚያትመው ማሽን የሚጠጣውን ነገር፣ እናንተ በስሙ የምትጠሩትን፣ እኔ መረቅ ነው የምለው፣ ያን ደም የሚመስለውን ደግሞ የበርበሬው። ገብቷችኋል አይደል?

ልጄ ታደለ እዚሁ ሆሳዕና አስተማሪ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እቤት ፎቶ ያትማል። ሁለት ማሽን አለው። ትንሿ የምትጠጣው ታሽጎ የሚመጣ ኦሪጅናል መረቅ ነው፣ ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም፣ እሷም ቶሎ ትጨርሰዋለች። ትልቁ በጎኑ ጠርሙሶች አሉት፣ ቱቦ አለው፣ የትም የተገዛ መረቅ ይሞላለታል። "እማዬ፣ የሚያዋጣው ትልቁ ነው፣ ትንሿ ሞልቃቃ ናት" ይለኛል። የራሱን ፎቶ በሁለቱም አትሞ መስኮት ላይ ለጠፈ፣ የትኛው ፀሐይ ይችላል ብሎ፣ ከገና እስከ ክረምት መግቢያ። የትልቁ ማሽን ታደለ ጎመን መሰለ፣ የትንሿ ንክች አላለም። "ሞልቃቃዋ ረታችህ" አልኩት።

የኔ ጉዳይ የአስቴር ፎቶ ነበር። አስቴር ሴት ልጄ ናት፣ የምህረት እናት፣ ምህረትን ወልዳ ሳምንትም አልሞላት፣ አረፈች። ያለን ፎቶ አንድ ነው፣ ጃጁራ ገበያ ወጥተን የተነሳችው፣ ዝናብ ገብቶበት፣ ጊዜም በልቶት፣ ራሷ ላይ ያለው ሻሽ አመድ መስሏል። ምህረት ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሰኞ ልትሄድ ነው፣ የእናቷን ፊት ካልያዘች ምን ይዛ ትሄዳለች? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለኔም መልኳ እየጠፋብኝ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ፈልጌ አጣው ነበር።

"የአስቴር በትንሿ ነው የሚታተመው" አልኩ። አርብ ታደለ ሊያትም ሲነሳ የበርበሬው መረቅ አልቋል። ከተማውን ዞረ፣ የለም። ያለሱ ቢያትመው ሬሳ መሰለች። ምህረት አየችውና ዞር ብላ ልብሷን ማጠፍ ያዘች።

"በትልቁ ላትምላት በቃ፣ ሁለት ዓመት አያጣም" አለ ታደለ።

"የሁለት ዓመት እናት ልትሰጣት ነው?" አልኩት።

እሁድ እነሱ ጸሎት ቤት ሄዱ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኝ እቤት ዋልኩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በረንዳ ላይ ቦሎቄ ስለቅም ከውስጥ ጢር፣ ጢር የሚል ሰማሁ፣ አይጥ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ያቺ ትንሿ ስትሠራ የምታሰማው። ገባሁ። ገመዷ ተነቅሎ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ወረቀቱ ግን እየወጣ ነው፣ በዝግታ፣ ከአስቴር ራስ በኩል። መጀመሪያ የወጣው ሻሹ ነው፣ እመኑኝ፣ ዛሬ እንደተፈጨ በርበሬ ነበር። ከዚያ ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ ከዚያ ያ ረስቼው የነበረው የግራ ጉንጯ ስርጉድ። ቦሎቄው ከእጄ ተደፋ።

ታደለ ሲመለስ "ማን አተመው?" አለ፣ "እኔ ምኑን አውቄ" አልኩት። የበርበሬው መረቅ የነበረበትን ዕቃ ከማሽኗ አውጥቶ ሶፍት ላይ ተጫነው፣ ሶፍቱ እንደነጣ ተመለሰ።

"እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሻሽ አመድ ነው፣ ይሄን መልክ ለማሽኗ ማን ነገራት?"

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ሻሹን የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ ስንቀብራትም አብሬ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ምን እንደሚመስል ለማንም አልነገርኩም፣ የመልኩን ስም ምላሴ አይልም፣ በበርበሬ ልተካው ደግሞ ያኔ ሆዴ አልቻለም።

ምህረት ይዛው ሄደች፣ ይኸው ተመርቃ መጣች፣ ፎቶው ያው ነው። ማሽኗ ከዚያ ወዲህ አልሠራ አለች፣ ታደለ ሊጥላት ሲል እኔ ከለከልኩ፣ ጨርቅ አልብሼ ጓዳ አስቀመጥኳት። መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ ጢር የምትል ይመስለኛል፣ ጆሮዬም አርጅቷል፣ እንጃ።

አሁን ምህረት መጻፏን አቁማ "እማማ፣ ካልሠራች ታዲያ ለምንድነው ሁልጊዜ ወረቀት የምታስገቢባት?" አለችኝ።

አንድ ወረቀት ምን ይጎዳል፣ አልኳት።