አፈር የተሸከመው ምስክር

ይህን ስናገር ልጆቼ እንኳ «እማዬ ጃጀች» ይላሉ። ይበሉ። ያየሁት እኔ ነኝ።

ሌሊት አልነበረም። ግንቦት 1963 ዓ.ም፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ቦታው ከቀራንዮ በላይ፣ ጫካው ዳር፣ የአያቶቻችን መሬት።

የአያቶቻችን አልኩ እንጂ... ያኔ ሽቦ ታጥሮበታል። «የአራዊት ጥብቅ ክልል» ተብሎ። ድኩላው እንደልቡ ይፈነጫል፤ እኔን ገበያነሽን ግን አባቴ መቃብር ላይ አልቅሼ እንዳልመለስ ዘበኛ ያባርረኛል። እኛ ዘመዶቻችንን የምንቀብረው ማሳችን ጥግ ነበር። አባቴ እዚያ ነው። የአባቴ አባት ቦሩም እዚያ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔና ወንድሜ ቀጄላ ወደ ጥብቅ ክልሉ ቢሮ ተመላለስን። «ነገ ኑ።» «አለቃው የሉም።» «ማመልከቻችሁ ጠፍቷል፣ ሌላ አጽፉ።» አንጀቴ አረረ!

በመጨረሻ የቢሮው ጸሐፊ «ድንበሩን የሚያውቅ ሽማግሌ አምጡና ይመስክር» አለን። «ካልሆነ በሐምሌ ቤታችሁ ይፈርሳል።»

ድንበሩን ከሚያውቁት በሕይወት የቀሩት አባባ ባጫ ብቻ ነበሩ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ያለ ምርኩዝ የማይቆሙ።

በእኛ ወግ የምስክሩ አናት ላይ ከመሬቱ አፈር ይደረጋል። እሱን ተሸክሞ ድንበሩን ይዞራል። ማንም አያናግረውም። አፈሩ ደግሞ ከማሳ እንጂ ከመቃብር አይነሳም፤ ሙታኑን ይቀሰቅሳል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

አፈሩን ላመጣ ስሄድ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለኝ።

«ትዕዛዝ የለኝም።»

«ጸሐፊው ራሱ እየመጣ ነው እኮ!»

«ትዕዛዝ የለኝም አልኩሽ፣ ሴትዮ።»

ደሜ ፈላ። በሽቦው ሥር እጄን ሰድጄ የደረስኩበትን ጫርኩ... የአያቴ የቦሩ መቃብር ግርጌ ነበር።

አውቄዋለሁ። «አፈር አፈር ነው፣ ምን ያመጣል!» አልኩ በንዴት።

ጸሐፊው ሲመጣ ግን በሩ ብርግድ!

አፈሩን አናታቸው ላይ ሳደርግላቸው አባባ ባጫ ተንቀጠቀጡ። በሹክሹክታ ጠየቁኝ...

«ከየት ነው ያነሳሽው?»

«ከማሳው።»

«ገበያነሽ...»

«ከማሳው ነው አልኩዎት፣ አባባ። ይሂዱልን በቃ።»

ሄዱ። እኛ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀን ተከተልናቸው።

ትንሽ እንደሄዱ ምርኩዛቸውን ጣሉት።

ያደረግኩላቸው ደረቅ አፈር ነው። ማጅራታቸው ላይ ግን ከአፈሩ ውሃ ይወርዳል...

ድኩላዎቹ አልሸሹም። ገለል ብለው አሳለፏቸው።

ትልቁ ዝግባ ጋ ሲደርሱ ከግንዱ ጀርባ ተሰወሩ። ወዲያው በማዶ ብቅ አሉ። ወገባቸው ቀጥ ብሏል። ግራ እግራቸውን ያነክሳሉ።

አባባ ባጫ አንክሰው አያውቁም። አባቴ እንደነገረኝ ያነክስ የነበረው አያቴ ነው።

ቀጄላ ክንዴን ያዘኝ። «አባባ የነገሩን ድንበር ዝግባው ነው... አልፈውታል።»

«ዝም በል! ማንም አያናግራቸውም።»

ሽቦውን እንዴት እንዳለፉት አላየሁም። ብቻ ወዲያ ማዶ ሆነው አየኋቸው፤ እኛም በበሩ ዞረን ወረድን። ከጫካው ግርጌ ያለውን ቢሮ መዞር ጀመሩ።

ጸሐፊው መጀመሪያ ሳቀ። «ቢሮዬንም ሊወስዱት ነው?»

ሁለተኛ ሲዞሩት አልሳቀም። «አስቁሚያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እባክሽ አስቁሚያቸው።»

ጨነቀኝ። «አባባ ባጫ!» አልኩ።

ቆሙ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ባጫ ደክሞታል» አለ፣ በማላውቀው ድምፅ። «ዝግባው ሥር አስቀምጬዋለሁ።»

ሽቅብ ሮጥን።

አባባ ባጫ የዝግባውን ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተከፍቷል። ሰውነታቸው በርዷል። አናታቸው ላይ ቅንጣት አፈር የለም።

«ወይኔ! እኔ ነኝ የገደልኳቸው!» ብዬ ደረቴን ደቃሁ።

ጸሐፊው ቅጹን አውጥቶ ጻፈ። ጮክ ብሎም አነበበው። «ምስክሩ ድንበሩን ሳይጨርስ ስለሞተ መዝገቡ ተዘግቷል።»

«አንተ ሰው! በዓይንህ አላየህም? ቢሮህን ሲዞር አላየህም?!»

«አይቻለሁ» አለ ቀና ሳይል። «እሱን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀጄላ በክርኑ ነካኝ። «ገበያነሽ... ወደ ማሳው እዪ።»

ከማሳችን ጥግ ሰዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። ሽማግሌዎች። ሴቶች። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት። ለጫካው ጀርባቸውን ሰጥተው ቁልቁል ይወርዳሉ። ድምፅ የለም። አቧራ እንኳ አይነሳም።

የመጨረሻው አባቴ ነው።

«አባዬ! ወዴት ነው? መሬቱን ለማን ትተህ?»

አላየኝም። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ እግሩን ማራገፍ ጀመረ... መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከአፈራችን አንዲት ቅንጣት ሳያስቀር።

ከዚያ እነሱን ተከትሎ ወረደ።